የክፍል ቴሌግራም ግሩፕ እንዴት ይከፈታል፣ እንዴትስ ይያዛል? በሰሜን ሸዋ ለምናስተምር መምህራን

ይህን የምጽፈው በዞናችን ወረዳ ከተሞች፣ በመሐል ሜዳም ይሁን በዓለም ከተማ፣ በደብረ ሲናም ይሁን በአረርቲ፣ ሁለተኛ ደረጃ ለምታስተምሩ ባልደረቦቼ ነው። እኔ የማስተምረው ፊዚክስ ስለሆነ ምሳሌዎቼ ከዚያው ናቸው። አሠራሩ ግን ለሒሳብም፣ ለእንግሊዝኛም፣ ለታሪክም ያው ነው።

ክፍለ ጊዜያችን አርባ ደቂቃ ገደማ ነው። ስም ተጠርቶ፣ ያለፈው ተከልሶ፣ አዲሱ ተብራርቶ ሳያልቅ ደወሉ ይደወላል። ተማሪውም "ገብቷችኋል?" ሲባል "አዎ" ብሎ ይወጣል። እንዳልገባው የሚያውቀው ማታ ደብተሩን ዘርግቶ መልመጃውን ሲጀምር ነው። በዚያ ሰዓት የሚጠይቀው ሰው የለም። ከገጠር ቀበሌ መጥቶ ከተማ ቤት ተከራይቶ የሚማር ልጅ አጠገቡ ያለው እንደ እሱ ዘጠነኛ ክፍል የሆነ የአገሩ ልጅ ብቻ ነው። የክፍል ግሩፕ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው፤ ማታ የመጣን ጥያቄ ማታውኑ የሚሰማ ሰው ያገኛል። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የተዘጋጀው ተማሪው እንዲጠይቅ ነው። ፒዲኤፍ የሚጫንበትና "እሺ ቲቸር፣ እናመሰግናለን" ተብሎ የሚታለፍበት ግሩፕ በየትምህርት ቤቱ ሞልቷል። ሺህ ፋይል ቢኖረውም ተማሪ ካልጠየቀበት አላስተማረም።

ደረጃ 1፦ ማን ስልክ እንዳለው፣ ማን ከማን ጋር እንደሚኖር እወቁ

"ስልክ ያለው እጁን ያውጣ" አትበሉ። የሌለው ልጅ በጓደኞቹ ፊት ይሸማቀቃል፣ አንዳንዱም እያፈረ የሌለውን አለኝ ይላል። ብጣሽ ወረቀት አድሉና ሦስት ነገር ይጻፉ፦ ማታ ማታ ቴሌግራም የሚከፍት ስልክ ታገኛለህ ወይ? የራስህ ነው ወይስ የወንድም፣ የእህት፣ የአከራይ? የት ሰፈር፣ ከማን ጋር ትኖራለህ?

ሦስተኛው ጥያቄ ከሁሉም ይበልጣል። ብዙ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ስልክ መያዝ አይፈቀድም፣ ስለዚህ ስልኩ የሚሠራው ልጁ በሚያድርበት ቤት ነው። ተማሪዎቹን ቀድሞ በአንድ ለአምስት አደራጅታችሁ ከሆነ ለዚህ ሥራ እንደ አዲስ አደራጇቸው፤ በወንበር መሆኑ ይቅርና በመኖሪያ ግቢ ይሁን። አንድ ግቢ ውስጥ ወይም አንድ ሰፈር የሚኖሩ አራት አምስት ልጆች አንድ ቡድን ይሁኑ፤ ከመካከላቸው ቢያንስ አንዱ ስልክ የሚያገኝ ይሁን። ሴቶቹ ማታ ከግቢ እንዳይወጡ ቡድናቸው እዚያው ግቢ ወይም የጎረቤት ግቢ ይሁን። ቡድኑ ምንም ስልክ ከሌለው በደረጃ 8 የምነግራችሁን አድርጉ እንጂ ልጆቹን አትተዋቸው።

ወረቀቱ ተሰብስቦ ስልክ ያለበት ግቢ ከግማሽ በታች ከሆነ ምክሬ ግሩፑን ለጊዜው እንድትተዉት ነው። የጥያቄ ሣጥን ብቻ ይዛችሁ ጀምሩ፤ ሣጥኑን ወደ ኋላ አመጣዋለሁ።

ደረጃ 2፦ ፈቃድ ጠይቁ

ርዕሰ መምህሩ ይወቅ። ለወላጅም ይነገር። ወላጆቻችን ስልክን የሚፈሩት በምክንያት ነው፤ ልጅን ያበላሸ ስልክ በዓይናቸው አይተዋል። ደብዳቤ ከመላክ ይልቅ በወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት ስብሰባ ወይም ካርድ ሊወስዱ ሲመጡ በአካል ንገሯቸው። እኔ የምለው ይህን ነው፦ "አባባ፣ ልጅዎ ከሰኞ እስከ ሐሙስ ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ስልክ ከያዘ ትምህርት ላይ ነው። ከሦስት ሰዓት በኋላ ከያዘ ግን ከእኔ ጋር አይደለም፣ ይቆጡት።" ሰዓቱ ተቆርጦ ሲነገራቸው ይስማማሉ፣ እንዲያውም ይከታተላሉ።

አድሚን ሁለት ሰው ይሁን፤ አንዷ ሴት መምህርት ብትሆን ይመረጣል። ከተማሪ ጋር በግል ማታ መጻጻፍ ይቅር። ተማሪዋ በግል ብትጽፍላችሁ "ጥያቄሽን ግሩፑ ላይ አድርጊው፣ ካፈርሽ በሣጥኑ አስገቢው" በሏት። ይህ እናንተንም ልጅቷንም ይጠብቃል። የፈተና ውጤት በስም ግሩፕ ላይ አይለጠፍ፣ የተማሪ ፊት ያለበት ፎቶም ያለ ፈቃድ አይውጣ። አገራችን በ2016 ዓ.ም. የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አውጥታለች። አዋጁ ባይኖር እንኳ 38 ያመጣን ልጅ ስልሳ ጓደኞቹ ፊት ማዋረድ መምህር የሚያደርገው አይደለም።

ደረጃ 3፦ ቴሌግራም ይሁን

ዋትስአፕ ላይ ግሩፕ ውስጥ የገባ ሰው ሁሉ የሌላውን ስልክ ቁጥር ያያል፤ የሴት ልጆችን ቁጥር ለዚያ ሁሉ ሰው መስጠት አልፈልግም። ቲክቶክ ዳታ ይበላል፣ ከዚያም በላይ ተማሪውን ለትምህርት አስገብቶ ሌላ ቦታ ያወጣዋል። ፌስቡክም እንዲሁ፤ ከ13 ዓመት በታች ያለ ልጅም አይፈቅድም። ቴሌግራም ቁጥር መደበቅ ያስችላል፤ ዘግይቶ የገባ ተማሪ የቀደመውን ሁሉ ማየት ይችላል፤ ፋይሉ ያለው ቴሌግራም ዘንድ ስለሆነ የተማሪው ስልክ ቢሞላና ቢያጠፋው እንደገና ያወርደዋል። ተማሪዎቻችንም ለምደውታል፣ አዲስ ነገር አታስተምሯቸውም።

ቻናል አትክፈቱ፤ ግሩፕ ክፈቱ። ቻናል የሚናገረው ባለቤቱ ብቻ ነው። ኩዊዝ ብታወጡም ማን ምን እንደመለሰ አያሳያችሁም።

ደረጃ 4፦ ሴቲንጉን አንድ ጊዜ በደንብ አስተካክሉ

ግሩፑ ፕራይቬት ይሁን፣ በሊንክ ብቻ ይገባበት። ሊንኩንም የምትሰጡት ለቡድን ተጠሪዎች ብቻ ነው። ፐርሚሽን ውስጥ ገብታችሁ ስቲከር፣ ጂፍና ሰው መጨመርን ዝጉ፤ ጽሑፍ፣ ፎቶና ድምፅ ክፍት ይሁኑ። "ቻት ሂስትሪ" የሚለውን ለአዲስ ገቢዎች እንዲታይ አድርጉት።

ከዚያ አንድ ቀን ከትምህርት በኋላ የቡድን ተጠሪዎቹን ስልካቸውን ይዘው እንዲመጡ አስፈቅዱና አብራችሁ ሥሩ። በእያንዳንዱ ስልክ ላይ ሁለት ነገር ይስተካከል። የመጀመሪያው ሴቲንግ፣ ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኩሪቲ፣ ፎን ነምበር ገብቶ "ኖቦዲ" ማድረግ ነው። ሁለተኛው ዳታ ኤንድ ስቶሬጅ ገብቶ በሞባይል ዳታ ፎቶና ቪዲዮ በራሱ እንዳይወርድ ማጥፋት ነው። ይህ ሁለተኛው ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን የወንድሙን ዳታ በአንድ ማታ የጨረሰ ልጅ ስልኩን ዳግመኛ አያገኝም።

በመጨረሻ አንድ መልእክት ጽፋችሁ ፒን አድርጉ። አጭር ይሁን፦

"ይህ የ9ኛ ለ የፊዚክስ ግሩፕ ነው። ከሰኞ እስከ ሐሙስ ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ይሠራል። ስትጠይቁ እስከ የት እንደሠራችሁ የደብተራችሁን ፎቶ አሳዩ። በአማርኛም በእንግሊዝኛም መጠየቅ ይቻላል። በጓደኛ ጥያቄ መሳቅ ክልክል ነው። ከትምህርት ውጪ የሆነ ነገር አይለጠፍም፣ ከሌላ ቦታ ፎርዋርድ አይደረግም።"

"በአማርኛም" የሚለውን አትዝለሉት። ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ የሚማሩት በእንግሊዝኛ ነው፤ ክፍል ውስጥ ዝም ከሚሉት ስንቶቹ ጥያቄው በሆዳቸው እያለ እንግሊዝኛው ያንቃቸዋል። አማርኛውን በላቲን ፊደል ቢጽፉትም አትቆጡ።

ደረጃ 5፦ ሳምንቱን በተማሪው ኑሮ ልክ አውጡ

እዚህ ላይ ጊዜ ወስዳችሁ አስቡ። ግሩፕ የሚሞተው ብዙ ጊዜ በመርሐ ግብሩ ነው።

ቤት ተከራይቶ የሚማረው ተማሪ ዓርብ ከሰዓት ወይም ቅዳሜ ማለዳ ወደ ቤተሰቡ ይሄዳል። ስንቁን ይዞ የሚመለሰው እሑድ ነው። በመንዝ ቀበሌዎች፣ በመርሐቤቴና በጀማ ወንዝ ሸለቆ አፋፍ ብዙ ቦታ ኔትወርክ የለም፤ ቢኖርም ልጁ ቤቱ ሲደርስ የሚጠብቀው ሥራ አለ። ስለዚህ ዓርብ ማታ የወጣ፣ ሰኞ ጠዋት የሚሰበሰብ የቤት ሥራ የከተማውን ልጅ ብቻ ይጠቅማል። ግሩፑ ዓርብ፣ ቅዳሜና እሑድ ዝግ ይሁን።

እኔ የምከተለው ይህን ነው። ሰኞ ማታ አንድ ኩዊዝ ይወጣል፤ ባለፈው ሳምንት ትምህርት ላይ ነው። ማክሰኞ የጥያቄ ማታ ነው፣ እኔ ምንም አላወጣም፣ የሚጠየቀውን እጠብቃለሁ። ረቡዕ ሣጥኑ ውስጥ የተገኙት ጥያቄዎች ፎቶ ተነሥተው ይወጣሉ። ሐሙስ ሁለት ደቂቃ የማይሞላ ድምፅ ቀርጬ የሳምንቱን ዋና ነገር እናገራለሁ። ለቅዳሜና እሑድ ልጁ ደብተሩ ላይ ገልብጦ ወደ ቤቱ ይዞት የሚሄድ ሦስት ጥያቄም አብሮ ይወጣል። እነዚያ ሦስቱ ያለ ስልክ የሚሠሩ ናቸው፣ የሚሰበሰቡትም ማክሰኞ ነው።

ኔትወርክ እንደሚያስቸግራችሁ ካወቃችሁ መልእክቱን ቀን ጻፉና የመላኪያውን ምልክት ጫን ብላችሁ ይዛችሁ "ስኬጁል" አድርጉት። ቴሌግራም በሰዓቱ ራሱ ያወጣዋል፤ በዚያ ሰዓት የእናንተ ስልክ ቢጠፋም ይሄዳል። መብራት ለሚቆራረጥባቸው ከተሞች ይህ ትልቅ እፎይታ ነው።

ወቅቱንም አስቡ። ኅዳርና ታኅሣሥ አዝመራ ሲሰበሰብ ልጆቹ ቤተሰብ ያግዛሉ። በልግ ባለባቸው ቀበሌዎች ደግሞ የካቲትና መጋቢት ላይ እርሻ አለ። በእነዚህ ሳምንታት ኩዊዙ ይቀጥል፣ ነገር ግን የመልስ ጊዜው ከአንድ ማታ ወደ ሦስት ማታ ይርዘም። ያልመለሰውን ከመውቀስ በፊት የት እንደነበረ ጠይቁ።

ደረጃ 6፦ ኩዊዙን ስህተቱ እንዲናገር አድርጋችሁ አውጡት

ግሩፑ ውስጥ ፖል የሚለውን ክፈቱና "ኩዊዝ ሞድ" አድርጉት። "አኖኒመስ" የሚለውን አጥፉ፤ ያኔ ማን የትኛውን እንደመረጠ ታያላችሁ። ተማሪው አንዴ ከመረጠ መቀየር አይችልም። ለተሳሳተው የሚታይ ማብራሪያ መጻፊያም አለው፣ ከ200 ፊደል አይበልጥም።

የኩዊዝ ጥበቡ ያለው ምርጫዎቹ ላይ ነው። የተሳሳቱት ምርጫዎች ዝም ብለው የተጣሉ ቁጥሮች ከሆኑ ኩዊዙ የሚነግራችሁ ማን እንደሳተ ብቻ ነው። እያንዳንዱ የተሳሳተ ምርጫ ተማሪው ሊሠራው ከሚችል ስህተት የመጣ ከሆነ ግን ለምን እንደሳተ ይነግራችኋል። ለምሳሌ ይህን እዩ፦

"ከደብረ ሲና ወደ ጣርማ በር 12 ኪሎ ሜትር አቀበት አለ እንበል። አንድ አይሱዙ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር እየነዳ በ36 ደቂቃ ወጣ። በዚያው መንገድ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር እየነዳ በ24 ደቂቃ ወረደ። የጉዞው ሁሉ አማካይ ፍጥነት በሰዓት ስንት ኪሎ ሜትር ነው?" ምርጫዎቹ 25፣ 24፣ 50 እና 40 ናቸው።

መልሱ 24 ነው፤ 24 ኪሎ ሜትር በ60 ደቂቃ፣ ማለትም በአንድ ሰዓት ተሄደ። 25 የመረጠው ሁለቱን ፍጥነቶች ደምሮ ለሁለት አካፍሏል፤ አማካይ ፍጥነት ማለት ጠቅላላ ርቀት ለጠቅላላ ጊዜ መሆኑ አልገባውም። ብዙው የሚወድቀው እዚህ ነው። 50 የመረጠው ደምሮ ትቶታል። 40 የመረጠውን ግን ልብ በሉት፤ እሱ ፊዚክሱን ያውቀዋል። የሳተው 36 ደቂቃን 0.36 ሰዓት፣ 24 ደቂቃን 0.24 ሰዓት አድርጎ ነው። ደምሮ 0.6 አገኘና 24ን ለ0.6 አካፈለ። ለዚህ ልጅ የአማካይ ፍጥነትን ትርጉም መድገም ጊዜ ማባከን ነው። የሚያስፈልገው ደቂቃን ወደ ሰዓት መቀየር ብቻ ነው።

ስለዚህ ማክሰኞ ጠዋት ክፍል ስትገቡ ኩዊዙን ዳግመኛ አትሥሩት። 25 ያሉት ከበዙ በአማካይ ፍጥነት ላይ አሥር ደቂቃ አጥፉ። 40 ያሉት ከበዙ ሰሌዳው ላይ ሰዓት ሣሉና ግማሽ ሰዓት ስንት ደቂቃ እንደሆነ ጠይቁ። የስም ዝርዝሩ በእጃችሁ ስለሆነ ማን ማን አጠገብ ቢቀመጥ እንደሚጠቅምም ታውቃላችሁ። ስም ጠርታችሁ "አንተ 50 ብለሃል" አትበሉ፤ በሚቀጥለው ሰኞ አይመልስላችሁም።

ጥያቄውን በመጽሐፉ ቋንቋ በእንግሊዝኛ ጻፉት፤ ፈተናው በዚያ ስለሚመጣ ዓይናቸው ይልመደው። ማብራሪያው በአማርኛ ይሁን። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ከፊሉ በኮምፒውተር መፈተን ስለጀመሩ፣ ጥያቄ ከስክሪን ላይ አንብቦ መርጦ መመለስ ለገጠር ልጅ ራሱን የቻለ ልምምድ ነው። አንድ ኩዊዝ በሳምንት ይበቃል። በየማታው አምስት አምስት ቢወጣ በሁለተኛው ሳምንት መገመት ይጀምራሉ።

ደረጃ 7፦ ሲጠይቁ ቶሎ አትመልሱ

ማክሰኞ ማታ ነው። አንዲት ተማሪ "ቲቸር ተራ ቁጥር 4 አልገባኝም" ብላ ጻፈች። እጃችን የሚሮጠው ሙሉውን ሠርቶ ፎቶ ለመላክ ነው። ያንን ካደረግን ስልሳ ተማሪ ገልብጦ ይተኛል።

ይልቅ "እስከ የት ሠራሽ? ፎቶ አንሺና አሳዪን" በሏት። ደብተሯን ላከች እንበል፤ ቀመሩ ልክ ነው፣ 36 ደቂቃን ግን እንዳለ ከቀመሩ አስገብታዋለች። ስህተቱን አትንገሯት። "36 ደቂቃ ስንት ሰዓት ነው?" ብላችሁ ጠይቁና ቆዩ። አንዱ ይነሣና "0.36" ይላል። አሁንም ቆዩ። ሌላው "አይደለም፣ 60 ደቂቃ ነው አንድ ሰዓት" ይላል። ሦስተኛው "36 ሲካፈል ለ60፣ 0.6" ብሎ ይጨርሳል። ያኔ "ትክክል፤ አሁን ተራ ቁጥር 4ን እንደገና ሥሪውና አሳዪን" ትሏታላችሁ። እናንተ የጻፋችሁት ሦስት መስመር ብቻ ነው፤ ትምህርቱን የሰጡት ተማሪዎቹ ናቸው። 0.36 ያለውም ልጅ ያመሰገናችሁት ይሁን፤ እሱ ባይናገር ኖሮ ያ ስህተት በስንቱ ደብተር ውስጥ ተደብቆ ይቀር ነበር። "ይህን ስህተት ስላወጣኸው ሁላችንም ተማርን" በሉት፣ በግሩፑ ፊት።

ዝምታው ያስጨንቃል፤ አሥር አሥራ አምስት ደቂቃ ማንም ላይመልስ ይችላል። ቻሉት። ስልኩ የወንድሙ የሆነ ልጅ ተራው እስኪደርስ ይቆያል። ሦስት ሰዓት እስኪሆን መልስ ካልተገኘ ፍንጭ ስጡና ለጠዋት አሳድሩት።

ረዘም ያለ ማብራሪያ ካስፈለገ ድምፅ ላኩ። አንድ ደቂቃ ድምፅ ከአንድ ደቂቃ ቪዲዮ እጅግ ያነሰ ዳታ ነው የሚወስደው፣ ደጋግመውም ያዳምጡታል። የሰሌዳ ሥራ ከሆነ ወረቀት ላይ በጉልህ ጽፋችሁ ፎቶ አንሡና እንደ ፋይል ሳይሆን እንደ ፎቶ ላኩት፤ ቴሌግራም ራሱ ይጨምቀዋል።

ጠያቂዎቹ ሁልጊዜ እነዚያው አምስት ልጆች ከሆኑ ተራ አውጡ። በየሳምንቱ አንድ የመኖሪያ ቡድን የጥያቄ ባለ ተራ ይሁን፤ ቢያንስ አንድ ጥያቄ ማምጣት ግዴታው ነው። ቡድኑ ሲጠይቅ ማንም ልጅ ብቻውን አላዋቂ አይባልም፣ ዝምተኛውም በቡድኑ ስም አፉን ይፈታል።

ደረጃ 8፦ ስልክ የሌለው ልጅ፣ ኔትወርክም የጠፋ ቀን

ግሩፕ ላይ የወጣ ነገር ሁሉ በማግስቱ በወረቀት መገኘት አለበት። ይህን ማድረግ ካልቻላችሁ ግሩፑ ያለውን ከሌለው እያራቀ ነው የሚሄደው።

ከቤተ መጻሕፍቱ በር አጠገብ አንድ ሰሌዳ ጠይቁ። ባለ ተራው ቡድን ማክሰኞ ጠዋት ኩዊዙን ከነምርጫዎቹ በእጁ ጽፎ ይለጥፋል። ስልክ የሌላቸው መልሳቸውን በብጣሽ ወረቀት ጽፈው እዚያው ያለው ሣጥን ውስጥ ይጨምራሉ። ሣጥኑ ለጥያቄም ያገለግላል፣ ስም መጻፍ ግዴታ አይደለም። ስልክ ያላት ልጅም ካፈረች ትጠቀምበታለች። ከብስኩት ካርቶን ሠርታችሁ ወረቀት ማስገቢያ ቀዳዳ ብታወጡለት በቂ ነው።

ትምህርት ቤታችሁ ሚኒ ሚዲያ ካለው ጠዋት ከሰንደቅ ዓላማ በኋላ ወይም በዕረፍት ሰዓት የሳምንቱን አንድ ጥሩ ጥያቄና መልሱን ተማሪዎቹ ራሳቸው ያንብቡት። ጥያቄዋ በሚኒ ሚዲያ የተነበበላት ልጅ በሚቀጥለው ሳምንት ሁለት ይዛ ትመጣለች።

ከበድ ያለ ፋይል፣ መማሪያ መጽሐፉም ይሁን ቪዲዮ፣ አንድ ሰው ያውርደውና ለቀሪዎቹ በዜንደር ወይም በሚሞሪ ካርድ ይተላለፍ፤ ይህ ዳታ አይጠይቅም። ቤተ መጻሕፍት ወይም አይሲቲ ክፍል ውስጥ አንድ የሚሠራ ኮምፒውተር ካለ ሁሉንም እዚያ በየክፍሉና በየምዕራፉ አስቀምጡት።

ይህ ዝግጅት የሚያስፈልገው ስልክ ለሌላቸው ብቻ አይደለም። በ2015 ዓ.ም. ከየካቲት እስከ ሐምሌ ቴሌግራምና ፌስቡክን ጨምሮ ዋና ዋናዎቹ በአገሪቱ ተዘግተው ነበር። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ በክልላችን በአማራ የሞባይል ዳታ ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ ነበር። ሥራውን በስልክ ላይ ብቻ ያደረገ መምህር ያን ጊዜ ባዶ እጁን ነው የሚቀረው። ሰሌዳውና ሣጥኑ ካሉ ግን ኩዊዙ ሰኞ ማታ መውጣቱ ይቀርና ማክሰኞ ጠዋት ይለጠፋል፣ የቀረው እንዳለ ይቀጥላል።

ደረጃ 9፦ ግሩፑን ከሌባና ከወሬ ጠብቁት

በየዓመቱ ፈተና ሲቃረብ "የ12ኛ ክፍል ፈተና ወጥቷል፣ ብር ላኩ" የሚሉ ቻናሎች ይፈላሉ። በ2008 ዓ.ም. ፈተናው በእውነትም በማኅበራዊ ሚዲያ ወጥቶ ተሰርዞ እንደገና መሰጠቱን ተማሪዎቹ ከታላላቆቻቸው ሰምተዋል፤ አጭበርባሪዎቹም የሚነግዱት በዚያ ትዝታ ነው። ከ2014 ተፈታኞች ጀምሮ ፈተናው በዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ እንዲሰጥ የተደረገው ስርቆትን ለመከላከል ነው። ይህን ከሚያዝያ በፊት በክፍል በግልጽ ንገሯቸው። ስንቁን ሸጦ ብር የሚልክ ልጅ እንዳይኖር አደራ። የዚህ ዓይነት ፎርዋርድ ግሩፑ ላይ ከታየ አጥፉት፣ ላኪውን ግን ከማባረር በፊት አነጋግሩት፤ አብዛኛውን ጊዜ እሱም የተታለለ ነው።

ፖለቲካ፣ ብሔር፣ ሃይማኖት፣ የመንገድና የጸጥታ ወሬ አይግባ። ስለ ጥላቻ ንግግርና ሐሰተኛ መረጃ አዋጅ ቁጥር 1185/2012 አለ፤ ልጆቻችን ባልገባቸው ነገር እንዲጠየቁ አንፈልግም። ሰውን መሳደብ ከታየ በማግስቱ በአካል ይነገር፤ ግሩፕ ላይ መቆጣት ነገር ያባብሳል።

ጥያቄውን ፎቶ አንሥቶ ለቻትጂፒቲ የሚሰጥና መልሱን የሚለጥፍ ተማሪ ይኖራል። መከልከሉ አይሠራም። "የደብተርህን ፎቶ" የሚለው ሕግ ግን ይሠራል፦ በእጁ የጻፈውን ካላሳየ አልመለሰም። ሲያሳይም "ለምን በ60 አካፈልክ?" ብላችሁ ጠይቁት።

ደረጃ 10፦ በወሩ መጨረሻ ቁጠሩ

የአባላትን ብዛት አትቁጠሩ። ሦስት ነገር ቁጠሩ። በወሩ ስንት የተለያዩ ልጆች ጠየቁ? ተማሪ ለተማሪ የመለሰው ስንት ጊዜ ነው? ከሣጥኑ የመጣው ስንት ነው? ጠያቂዎቹ ካልበዙ ሰዓቱን ወይም የቡድን አደረጃጀቱን ፈትሹ። የሣጥኑ ከቀነሰ ሰሌዳው ላይ በጊዜው እየተለጠፈ መሆኑን እዩ። ተማሪዎቹንም ጠይቋቸው፤ ምክንያቱን ያውቁታል።

ለራሳችሁም ወሰን ይኑራችሁ። ሦስት ሰዓት ሲሆን አድሚኑ መጻፊያውን ይዝጋ። ሁለት አድሚን ካላችሁ ማታውን ተካፈሉት፤ አንዱ ሰኞና ማክሰኞ፣ ሌላው ረቡዕና ሐሙስ። ሌሊት እየነቃ የሚመልስ መምህር ከአንድ ሴሚስተር በላይ አይቀጥልም።

ሰኔ ላይ ክፍሉ ሲያበቃ ግሩፑን ወዲያው አታጥፉት። መጻፊያውን ዝጉና የዓመቱን ጥሩ ጥሩ ጥያቄዎች ከነመልሳቸው ምረጡ። ሁለት ሦስት ተማሪ በምዕራፍ በምዕራፉ በአንድ ትልቅ ደብተር ይገልብጣቸው፣ ደብተሩም ቤተ መጻሕፍት ይቀመጥ፤ የሚቀጥለው ዓመት ዘጠነኛ ክፍል መምህር ስልክ ሳይከፍት ይጠቀምበታል። ኩዊዞቹን በፍላሽ አስቀምጡለት። ከተማሪ ስም ጋር የወጡ የደብተር ፎቶዎችን ከግሩፑ ሰርዙ፣ ሊንኩንም አቋርጡ። መስከረም ላይ ለአዲሱ ክፍል አዲስ ግሩፕ ክፈቱ፤ የወረቀቱን ሦስት ጥያቄም እንደገና አድሉ፣ ልጆቹ ቤት ይቀይራሉና።